ሦስት ባል የቀበረች ባለርስት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ስለነበሩ ባለርስት ወይዛዝርት ጋብቻና ውርስ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንዲት ሴት ላይ ያርፋሉ፤ ከ1295 እስከ 1360 የኖረችው የክሌር እመቤት ኤልሳቤጥ ደ በርግ ላይ። ስለዚህ መልሶቹን በእሷ ሕይወት ዙሪያ ሰብስበናቸዋል። ዓመታቱና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ርስት» የምንለው ከንጉሡ ተይዞ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን መሬት ነው። የንጉሥ አገልግሎት ስላለበት ከእኛው ርስት ይልቅ ወደ ጉልት ያደላል፤ የተሻለ ቃል ስላጣን ግን «ርስት» ብለን እንቀጥላለን።

ጥያቄ፦ «ኤልሳቤጥ ደ በርግ» ብዬ ስፈልግ አንዱ የስኮትላንድ ንግሥት፣ ሌላው የኮሌጅ መሥራች፣ ሌላው የንጉሥ ልጅ ሚስት ይላታል። የትኛውን ልመን?

ሦስቱንም ይመኑ፤ ሴቶቹ ሦስት ናቸውና። አንደኛዋ የአየርላንዱ የአልስተር ኧርል (ኧርል ከፍ ያለ የመኳንንት ማዕረግ ነው) የሪቻርድ ደ በርግ ልጅና የሮበርት ብሩስ ሚስት፣ በ1327 የሞተችው የስኮትላንድ ንግሥት ናት። ሁለተኛዋ የእኛዋ ነች። በትውልዷ ደ ክሌር ስትሆን ደ በርግ የተባለችው የንግሥቲቱን ወንድም ጆንን አግብታ ነው። ሦስተኛዋ የእኛዋ የልጅ ልጅ ናት፤ በ1332 ተወልዳ የንጉሥ ሣልሳዊ ኤድዋርድን ልጅ ሊዮኔልን አገባች። «የክሌር እመቤት» የሚል ቅጽል ካዩ ሁለተኛዋ ናት ብለው ይለፉ።

ከጆን በኋላ ሁለት ባሎች አግብታለች። የመጀመሪያው ባሏን ስም ግን እስከ ሞት አልተወችውም። ጆን የኧርል ወራሽ ነበር፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ኧርልነት አልደረሱም። በማዕረግ በሚቆም ዓለም ውስጥ ከፍ ያለውን ስም መያዝ ያስኬዳል።

ዝምድናው በዚህ አያበቃም። ወንድሟ ጊልበርት ያገባው የጆንን እህት ማቲልዳን ነው፤ ሁለቱ ሠርጎች በዋልታም ገዳም በተከታታይ ቀናት፣ ሴፕቴምበር 29 እና 30 ቀን 1308 ተደገሱ። እንግዲህ ጊልበርትና ሮበርት ብሩስ እህትማማቾችን ያገቡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ጊልበርት በባኖክበርን ጦርነት ብሩስን ሲወጋ ወድቆ ሲቀር፣ ብሩስ አስከሬኑን ያለ ቤዛ በክብር ወደ እንግሊዝ ልኮታል።

ጥያቄ፦ ወንድም እያላት እንዴት ወራሽ ሆነች? ደግሞስ ከእህቶቿ ጋር እኩል ተካፈለች የሚባለው እውነት ነው?

ወንድሟ እስከነበረ ድረስ ምንም አልነበራትም። የእንግሊዝ ሕግ በባላባቱ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ነው፦ ወንድ ልጅ ካለ በኩሩ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ታናናሾቹም እህቶቹም ከመሬቱ አይደርሳቸውም። ወንድ ከሌለ ግን ታላቅ ታናሽ ሳይባል ሴቶቹ እኩል ይካፈላሉ። ለታላቂቱ የሚቀርላት ዋናውን መኖሪያ መምረጥና ስለ ሁሉም ሆኖ ለንጉሡ መገዛትን መማል ነው። የማይከፈለው ማዕረጉ ነው። ኧርልነት በሦስት ስለማይሸነሸን «የግሎስተር ኧርል» የሚለው ስም ከጊልበርት ጋር ተቀብሮ እስከ 1337 ማንም አልያዘውም።

ጊልበርት ጁን 24 ቀን 1314 በ23 ዓመቱ ባኖክበርን ላይ ሞተ። ልጅ አልነበረውም። ወራሾቹ ሦስት እህቶቹ ሆኑ፦ የሂዩ ዲስፔንሰር ሚስት ኤሌኖር፣ ባሏ ፒርስ ጋቬስተን የተገደለባት ማርጋሬት፣ ባሏ የሞተባት ኤልሳቤጥ። ከአባታቸው የመጀመሪያ ጋብቻ የተወለዱ ሁለት ታላላቅ እህቶችም ነበሩ፤ እነሱ ግን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ምክንያቱ የ1290 ውል ነው። አባትየው የንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድን ልጅ ጆአንን ሲያገባ ርስቱን በሙሉ ለንጉሡ አስረክቦ፣ ለእሱና ለጆአን በጋራ፣ ከእነሱም ለሚወለዱ ልጆች እንዲሆን ተደርጎ ተመለሰለት። በዚያች አንቀጽ የፊተኞቹ ልጆች ተቆረጡ።

ክፍፍሉ የሚፈጸመው እንዲህ ነው። ባለርስት ሲሞት ከንጉሡ ጽሕፈት ቤት ለየአውራጃው የንጉሥ መሬት ሹም ደብዳቤ ይወጣል። ሹሙ መሬቱን በንጉሡ እጅ ያገባል፤ የአካባቢውን ሰዎች አስምሎ ሟች ምን ያህል መሬት ከማን ይዞ እንደነበር፣ በዓመት ስንት እንደሚያስገባ፣ ወራሹ ማን እንደሆነና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ያስመሰክራል። ቃሉ ከየአውራጃው ተሰብስቦ ይደመራል፣ መበለቲቱ ሲሶዋን ታነሣለች፣ ቀሪው በገቢ ግምት ለወራሾቹ ይደለደላል። ሥራው የወራት ነው።

የክሌር ርስት ግን ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀ፤ የጊልበርት ሚስት ማቲልዳ «ፀንሻለሁ» ብላ ነበርና። ፅንስ ካለ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የእህቶቹ ተስፋ አከተመ። ወሩ አልፎ ዓመት ሲቆጠርም ቤተ መንግሥቱ ፅንሱ የለም ለማለት አልፈቀደም፤ በመካከሉ ገቢው ለንጉሡ ይገባ ነበርና ለምን ይቸኩላል! ዲስፔንሰር ትዕግሥቱ አልቆ በሜይ 1315 የቶንብሪጅን ምሽግ በጉልበት ያዘ፤ አልጠቀመውም። የንጉሡ ዳኞች የሰጡት መልስ ለሕግ ሰው የሚጥም ነው፦ ፅንሱን ከተጠራጠራችሁ የመበለቲቱ ማሕፀን በሴቶች እንዲመረመር በጊዜው ማመልከት ነበረባችሁ። ለዚህ የተዘጋጀ የማመልከቻ ዓይነት በእርግጥም ነበር። ርስቱ የተከፈለው በ1317 መጨረሻ ሲሆን ማቲልዳ በ1320 ስትሞት የያዘችው ሲሶ ደግሞ እንደገና ለሦስት ተከፈለ።

ጥያቄ፦ የርስቱ ገቢ በዓመት ወደ 6,000 ፓውንድ ይጠጋል ይባላል። ብዙ ነው?

ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ ሺሊንግ 12 ፔኒ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ይሆናል። ተራ የቀን ሠራተኛ በዚያን ጊዜ በቀን 2 ፔኒ ገደማ ያገኝ ነበር። ሲሰላ 6,000 ፓውንድ የ720,000 ቀን ደሞዝ ነው፤ አንድ ሰው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 2,400 ዓመት ይፈጅበታል። በሌላ በኩል በዓመት 40 ፓውንድ የመሬት ገቢ ያለው ሰው ናይት (ባለ ማዕረግ ፈረሰኛ ተዋጊ) ሆኖ ሊያገለግል የሚችል ባለጸጋ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የሦስቱ እህቶች የእያንዳንዳቸው ድርሻ እንኳ የሃምሳ ናይቶች ገቢ ያህል ነው። ሰነድ ሲያነቡ «ማርክ» ከገጠመዎት የተለየ ሳንቲም አይደለም፤ የሂሳብ መለኪያ ነው፣ 160 ፔኒ ወይም የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ።

ጥያቄ፦ በ13 ዓመቷ ተዳረች። ሕጉ ይፈቅድ ነበር? እሺታዋስ ተጠይቆ ነበር?

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ለሴት 12፣ ለወንድ 14 ዓመት ይፈቅዳል። ከዚያ በታች የተደረገ ቃል ኪዳን እጮኝነት ነው፤ ልጁ ለዕድሜ ሲደርስ ሊያፈርሰው ይችላል። ኤልሳቤጥ በ1308 ሠርጓ 13 ከሞላት ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። ወደ አየርላንድ የተሻገረችው በማግስቱ ዓመት ሲሆን ወንድ ልጇ ዊልያም የተወለደው በሴፕቴምበር 1312፣ 17 ዓመት በሞላት ሰሞን ነው። ይህ ክፍተት በባላባቱ ዘንድ የተለመደ ነበር፤ ለጋ ልጅ በወሊድ ከሞተች ውሉም ርስቱም አብሮ ይበላሻልና።

እሺታን በተመለከተ በወረቀት ላይ ያለውና በቤት ውስጥ ያለው ለየቅል ነው። በቤተ ክርስቲያን ሕግ ጋብቻን ጋብቻ የሚያደርገው የሁለቱ ቃል ብቻ ነው። «አገባሃለሁ» ሳይሆን «አግብቼሃለሁ» ዓይነት፣ በአሁን ጊዜ የተነገረ ቃል ካለ፣ ቄስ ባይኖር፣ ምስክር ባይኖር፣ ወላጅ ባይፈቅድ እንኳ ይጸናል። ጽኑ ሰውን የሚያንበረክክ ማስፈራራት ከተረጋገጠ ይፈርሳል። ይህን ያስታውሱ፤ ኋላ የምናነሣው የጠለፋ ነገር ሁሉ የሚሾረው በዚህች ነጥብ ላይ ነው። በዘመዶቿ እጅ ያለች የ13 ዓመት ልጅ ግን «አይሆንም» የምትልበት በር አልነበራትም።

ዝምድናም ይቆጠራል። እንደኛው ሰባት ቤት ይቆጥሩ የነበሩት እስከ 1215 ነው፤ በዚያ ዓመት የላተራን ጉባኤ ወደ አራት ቤት ዝቅ አደረገው። ዝቅ ተደርጎም መኳንንቱ እርስ በርስ የተጋቡ ስለሆኑ አጥንት ሲቆጠር ችግር አይጠፋም፤ ከሮማው ጳጳስ ፈቃድ ይገዛል። ሳይፈቀድ የተገባ ጋብቻ ኋላ ሊፈርስ፣ ልጆቹም ዲቃላ ተብለው ከውርስ ሊወጡ ይችላሉ። ባላጋራ ደግሞ ይህን የሚያስታውሰው ርስት ሲከፈል ነው።

ጥያቄ፦ ባሏ የሞተባት ሴት በትክክል ምን ታገኝ ነበር? «ሲሶ» እና «የጋራ ይዞታ» የሚሉት ይምታቱብኛል።

ሦስት የተለያዩ መሬቶችን ለየብቻ ያስቀምጡ።

አንደኛው የራሷ ርስት ነው፤ ከአባቷ ወይም ከወንድሟ የወረሰችው። ባል በሕይወት ሳለ የሚያስተዳድረውና ገቢውን የሚበላው እሱ ነው። እሷ ሳታውቅ ቢሸጠው ግን ከሞተ በኋላ በፍርድ ቤት ልታስመልሰው ትችላለች።

ሁለተኛው የመበለት ሲሶ ነው። ባል በጋብቻው ዘመን ከያዘው መሬት ሁሉ አንድ ሦስተኛውን ሚስት ዕድሜ ልኳን ትይዘዋለች፤ ስትሞት ወደ ባል ወራሾች ይመለሳል። መሸጥ አትችልም። ሲሶው የሚታወጀው በሠርጉ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ነው፤ ከሰው ፊት የመሆኑ ምክንያት ኋላ ምስክር እንዳይጠፋ ነው።

ሦስተኛው የጋራ ይዞታ ነው። መሬቱ ገና ከጅምሩ በባልና በሚስት ስም ከተጻፈ፣ ባል ሲሞት ሚስት ምንም ሳይቀነስባት ይዛ ትቀጥላለች። የኤልሳቤጥ እናት ጆአን ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1290ው ውል ምክንያት ባሏ በዲሴምበር 1295 ሲሞት በሲሶ አልተወሰነችም፤ የግሎስተርን ርስት ጠቅላላ ያዘች። ያን ያህል ሀብት የያዘች መበለት ማን ዝም ይላታል? አባቷ ንጉሥ ለሳቮይ ኮንት ሊድራት ሲነጋገር እሷ በ1297 ራልፍ ደ ሞንትሄርመር የተባለ የቤቷን ሎሌ በስውር አገባች። ንጉሡ ራልፍን ብሪስቶል ምሽግ አሰረው። ቃሉ ግን ተነግሯል፣ ጋብቻው ጸንቷል። እስሩ አብቅቶ ራልፍ በሚስቱ መብት የግሎስተር ኧርል ተብሎ ፓርላማ ተቀመጠ።

ለወንዱም ተመጣጣኝ መብት አለው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ወራሽ ሚስት ቀድማ ከሞተች ባል የእሷን መሬት ሲሶውን ሳይሆን በሙሉ ዕድሜ ልኩን ይይዛል። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አለው፦ ከእሷ ልጅ በሕይወት መወለድ አለበት። ማስረጃው የሕፃኑ ለቅሶ ነው። «በአራት ግድግዳ መካከል ሲያለቅስ ተሰማ» የሚል ምስክር ካለ ልጁ በማግሥቱ ቢሞት እንኳ የአባት መብት አይነካም።

መበለቲቱ ሲሶዋን ለመረከብ የምትሄደው መንገድ ንጉሡ መብት ባጸደቀበት ሰነድ፣ በማግና ካርታ፣ ተጽፏል። ባሏ ከሞተ በኋላ በቤቱ 40 ቀን ልትቀመጥ ትችላለች፤ ሲሶዋ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ክፍያ ሊሰጣት ይገባል፤ እንድታገባ አትገደድም። በዚያው አንቀጽ ግን ከንጉሡ መሬት የያዘች ከሆነ ያለ ንጉሡ ፈቃድ ላለማግባት ዋስትና ትሰጣለች ይላል። በተግባር መሐላውን ሳትምል ሲሶውን አትረከብም።

ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሹሙ ለመበለቲቱ ጠፍ መሬት ወይም በየአውራጃው የተበታተነ ቁርጥራጭ መድቦ ለወራሹ ለሙን ያስቀርለታል። የባል እናት በሕይወት ካለች የእሷ ሲሶ ቀድሞ ይነሣል፤ ለምራት የሚደርሳት የቀሪው ሲሶ ነው። መሬቱ ጦርነት ያለበት አገር ከሆነ ግምቱ ወረቀት ብቻ ነው፤ ኤልሳቤጥ በአየርላንድ ከጆን የቀራትን መሬት በያዘች ሁለተኛ ዓመት፣ በ1315፣ የብሩስ ወንድም ጦር አየርላንድን ወረረ። ወራሾችም በበኩላቸው ያለቅሳሉ። ኤልሳቤጥ ከሁለተኛ ባሏ ጋር የኖረችው ስድስት ወር አይሞላም፤ የመበለት ድርሻዋን ግን እስከ ሞቷ 44 ዓመት ያህል ይዛለች።

ጥያቄ፦ ያ ሁለተኛ ባል ጠልፏት ነው ወይስ ኮብልላ?

የተከሰሰውም የተከራከረውም በዚሁ ቃል ነው። በ1315 መጨረሻ አጎቷ ንጉሥ ዳግማዊ ኤድዋርድ ከአየርላንድ አስጠርቶ ብሪስቶል ምሽግ አስቀመጣት። ወንድሟ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ አልፏል፤ ርስቱ ገና አልተከፈለም፤ የ20 ዓመቷ መበለት የአገሪቱ ትልቅ ርስት ሲሶ ሊደርሳት ነው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1316 ቀድሞ በአየርላንድ የንጉሡ እንደራሴ የነበረው ቲዮባልድ ደ ቨርደን ከምሽጉ ወስዶ አገባት። ፓርላማ ፊት ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፦ አየርላንድ ሳለን ተጫጭተናል፤ ስልክባት በፈቃዷ ከምሽጉ ወጥታ መጣች።

እውነቱን ለመፍረድ የእሷ ቃል ያስፈልግ ነበር፤ የቀረልን የእሱ ነው። መልሱ እንዴት እንደተቀመረ ግን ልብ ይበሉ። «ተጫጭተናል» የቤተ ክርስቲያኑን ጥያቄ ይመልሳል፣ «በፈቃዷ ወጣች» የጠለፋውን። በ1285 የወጣው ሕግ ሴትን በኃይል መድፈርን በሞት ያስቀጣል፣ በኋላ እሺ ብትልም እንኳ። ፈቃድ ነበረ ከተባለ ግን የሚቀረው የንጉሡ ፈቃድ አለመጠየቁ ነው፤ ያ ደግሞ በገንዘብ መቀጮ ያልቃል። ርስቱ ከመቀጮው ስለሚበልጥ ሂሳቡ ለጠላፊው ያዋጣል። ጋብቻውን ማፍረስ የሚችለው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሴቲቱ ራሷ ቀርባ ተገድጃለሁ ማለት አለባት፣ ያውም በጠላፊው ቤት ተቀምጣ።

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ሁለት ተጨማሪ ጠለፋ እናገኛለን። እህቷ ኤሌኖር ዲስፔንሰር ከሞተባት በኋላ በ1329 በዊልያም ላ ዙሽ ተወሰደች። የማርጋሬት አንድያ ልጅና ወራሽ በ1336 በራልፍ ስታፎርድ ተጠለፈች። አባቷ ሂዩ ኦድሊ አቤት ቢል ንጉሥ ሣልሳዊ ኤድዋርድ ጠላፊውን ደገፈ። አባትየው በ1337 የግሎስተር ኧርል የተባለው እንደ ካሳ ይመስላል፤ ጠላፊውም ኋላ በ1351 ኧርል ሆነ።

ቲዮባልድ ጁላይ 27 ቀን 1316 ሞተ። ኤልሳቤጥ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ጥያቄ፦ ከሦስተኛው ባል ጋር ሆና እስር ቤት እንዴት ገባች?

ልጇን እስክትወልድ አክስቷ መነኩሲት ወደነበረችበት ወደ አምስበሪ ገዳም ገባች። ንጉሡ እዚያው ሳለች ሮጀር ዳሞሪን እንድታገባ የሚያግባባ ደብዳቤ ላከላት። ዳሞሪ ከአነስተኛ ቤት የተነሣ ናይት ነው፤ ዋና ሀብቱ የንጉሡ ወዳጅነት ነበር። ሴት ልጇ ኢዛቤላ ማርች 21 ቀን 1317 ተወለደች፤ ክርስትና እናቷ ንግሥቲቱ ስለሆነች ስሟን ወሰደች። ከወለደች በኋላ ሳምንታት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ ዳሞሪን አገባች። እህቷ ማርጋሬትም በዚያው ሰሞን፣ ኤፕሪል 28፣ ለሌላው የንጉሥ ወዳጅ ለሂዩ ኦድሊ ተዳረች። ርስቱ የተከፈለው ሁለቱ ሠርጎች ካለቁ በኋላ ነው። ንጉሡ አስቦበታል ማለት ነው።

ጠንቁ ሦስተኛው የእህት ባል ሆነ። ዲስፔንሰር በዌልስ ለኤሌኖር የደረሰው ግላሞርጋን አልበቃ ብሎት የኦድሊን ድርሻ ነጠቀ፤ የዳሞሪን ተመኘ። ሁለቱ በ1321 ከሌሎች የድንበር ጌቶች ጋር ሆነው ተነሡበት፤ ንጉሡ ከዲስፔንሰር ጎን ቆመ። ዳሞሪ በማርች 1322 ታትበሪ ላይ ሞት ከተፈረደበት በኋላ በሕመም ሞተ። ኤልሳቤጥ ዌልስ ውስጥ በአስክ ምሽጓ ተይዛ ከልጆቿ ጋር ባርኪንግ ገዳም ተዘጋባት።

እዚህ ላይ የሕጉን ልዩነት ይመልከቱ። የከሃዲ መበለት ሲሶዋን ታጣለች፤ የራሷ ርስት ግን በባሏ ጥፋት ሊወረስ አይገባውም። ዲስፔንሰር በሕግ ሊወስድባት ስላልቻለ ልውውጥ የሚል ስም አመጣ፦ አስክን ስጪኝና ጋወርን ውሰጂ። አስክ በገቢ ይበልጣል። ታስራ ፈረመች። በዓመቱ መጨረሻ ለገና ንጉሡ ዮርክ ጠራት፤ አማካሪዎቿን ከአጠገቧ ለይተው አሰሯቸው፣ ያለ ፈቃዷ ለጻፉት ሰነድ ማኅተሟን አሳረፈች። በ1324 ደግሞ የጋወር የቀድሞ ባለቤት ዊልያም ደ ብራዮስ ከሶ ጋወርን ፈረዱለት፤ እሱም ወዲያው ለዲስፔንሰሮች አስተላለፈው። ጋወርም አስክም በአንድ እጅ ገቡ።

እሷ ያደረገችው ከብዙ ዘመን በኋላም ያስደንቃል። በሜይ 1326፣ ዲስፔንሰር በሥልጣኑ ጫፍ ላይ ሳለ፣ ክሌር ውስጥ በምስጢር የተቃውሞ ሰነድ አስጻፈች፤ የተደረገውን በየቀኑና በየቦታው ዘርዝራ፣ ሁሉም በማስገደድ እንደሆነ መስክራ አስቀመጠችው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ለዓመታት ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል፣ ቀን የተጻፈበት ተቃውሞ ግን ያንን ክርክር ያፈርሳል። ዲስፔንሰር ኖቬምበር 24 ቀን 1326 ሄርፈርድ ላይ ተሰቀለ፤ አስክ በማግስቱ ዓመት ተመለሰላት።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላ 38 ዓመት ሳታገባ ኖረች። አራተኛ ጠያቂ አጥታ ነው?

እንዲህ ያለ ርስት ያላት ሴት ጠያቂ አታጣም። ሳታገባ የቆየችው ሕጉ የሰጣትን ብቸኛ ሙሉ ሰውነት ላለማጣት ነው ብለን እናምናለን። ያገባች ሴት በራሷ ስም አትከስም፣ አትዋዋልም፣ ገቢዋን አትቆጥርም፤ መበለት ሁሉንም ታደርጋለች። ኤልሳቤጥ የራሷ ምክር ቤት፣ የሂሳብ ሹሞች፣ አናጢና ወርቅ አንጥረኛ ነበሯት፤ የቤቷ የሂሳብ ጥቅልሎች ዛሬም ይነበባሉ። በካምብሪጅ በ1326 ተቋቁሞ ገንዘብ ያጠረውን የተማሪዎች ቤት ተረክባ በ1338 ክሌር ሆል ብላ መሠረተችው፤ ደንቡን በ1359 ሰጠች። የኮሌጁ ጋሻ የክሌርና የደ በርግ ምልክት ጎን ለጎን ሲሆን ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ላይ የወርቅ ጠብታዎች አሉበት፤ እንባ ነው ይሏቸዋል።

መበለት ራሷን የምትከላከልበት ሌላ መንገድም ነበር፦ በጳጳስ ፊት የንጽሕና ስእለት መሳል። ካባና ቀለበት ትቀበላለች። ቆብ እንደ መድፋት አይደለም፤ ቤቷን ትታ ገዳም አትገባም፣ ርስቷንም አትለቅም፣ ማግባት ግን አይቻላትም። ጋሻው ግን ይበሳል። የሊንከን ርስት ወራሽ አሊስ ደ ሌሲ ስእለት ከተሳለች በኋላ፣ ዕድሜዋ ከ50 አልፎ፣ ሂዩ ደ ፍሬን የተባለ ናይት ከቦሊንግብሮክ ምሽግ ጠልፎ አግብቷታል። የቤተ ክርስቲያን ቁጣ በእሷም ላይ ወረደ፣ ስእለቷን አፈረሰች ተብላ።

ጥያቄ፦ ስትሞት ርስቱ ለማን ደረሰ? ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ ተካፈሉ?

አልተካፈሉም። ኖቬምበር 4 ቀን 1360 ሞተች፤ በለንደን ከአልድጌት በር ውጭ ባለው የሴት ፍራንሲስካውያን ገዳም ተቀበረች። በኑዛዜዋ ለአስከሬኗ ማብሪያ 200 ፓውንድ ሰም፣ ማለትም ወደ 90 ኪሎ፣ ለክሌር ሆልም 40 ፓውንድ ገንዘብና መጻሕፍት ተናዛለች። በኑዛዜ የሚሰጠው ግን ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ ርስቱ የሚሄደው በሕግ ነው።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ወንድ ልጅ ቀድሞ ቢሞት የእሱ ልጅ፣ ሴትም ብትሆን፣ በእሱ እግር ትቆማለች። ልጇ ዊልያም፣ የአልስተር ኧርል፣ በጁን 1333 በገዛ ሰዎቹ ሲገደል አንዲት ገና ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ ትቶ ነበር። ያቺ ሕፃን ኢዛቤላንና ከሦስተኛው ባል የተወለደችውን ኤልሳቤጥ ዳሞሪን፣ ሁለቱን አክስቶቿን፣ ከክሌር ርስት ሙሉ በሙሉ አስወጣች። ኢዛቤላ ከራሷ አባት ከቨርደን ርስት አንድ አራተኛ ደርሷታል፤ ቲዮባልድ ከመጀመሪያ ሚስቱ ሦስት ሴቶች ልጆች ስለነበሩት።

ሕፃኒቱን ሣልሳዊ ኤድዋርድ በ1342 ለልጁ ለሊዮኔል ዳራት፤ ሙሽራዋ 10፣ ሙሽራው 3 ዓመት ነበሩ። የክሌር ርስት በዚህ መንገድ ንጉሣዊ ቤት ገባ፤ ሊዮኔል በ1362 የተሰጠው «የክላረንስ ዱክ» የሚል ማዕረግ ከክሌር ስም የወጣ ነው። ለእነሱም አንዲት ልጅ ብቻ ተወለደች፣ ፊሊፓ፣ በ1355። ወንድም አልነበራትም፤ ኤድመንድ ሞርቲመር ገና ልጅ ሳለች አገባት።